ከፕላንክተን በፊት፤ «ዝምተኛው ጸደይ» በጎንደር ሲነበብ

ወይዘሪት ራሔል ካርሰን እ.ኤ.አ. በ1962 ያሳተሙት «ዝምተኛው ጸደይ» የተባለው መጽሐፍ ስለ ተባይ ማጥፊያ መድኃኒቶች ጉዳት ዓለምን ያስጠነቀቀ ነው። እኛ እዚህ የምንመረምረው በካሊፎርኒያ ስለሚገኘው ስለ ክሊር ሌክ ሐይቅ የጻፉትን ክፍል ብቻ ነው።

በዚህ ሐይቅ፣ ትንንሽ ዝንቦችን ለማጥፋት፣ በ1949፣ በ1954ና በ1957 የዲዲቲ የቅርብ ዘመድ የሆነው ዲዲዲ ተጨመረበት። ደራሲዋ እንደሚገልጹት በፕላንክተን፣ ማለት በውኃ በሚንሳፈፉት ደቃቅ ፍጥረታት፣ ከሚሊዮን 5 እጅ ያህል መርዝ ተገኘ፤ ዕፀዋት በሚበሉ ዓሦች ከ40 እስከ 300፤ ዓሣ በሚበሉ ወፎች ስብ ግን 1,600 እጅ። ገለጻው ግልጽና አሳማኝ ነው።

ነቀፌታችን በሰንሰለቱ መነሻ ላይ ነው። ከፕላንክተን በፊት ያሉት ባክቴሪያዎች ቦታ አላገኙም። ዲዲቲ በውኃ እጅግ ጥቂት ይሟሟል፤ በስብ ግን በቀላሉ ይዋሐዳል። ስለዚህ በባክቴሪያ ገላ ላይ ይጣበቃል፤ ባክቴሪያውን ደቃቅ እንስሳት ሲበሉት መርዙም አብሮ ይሻገራል። ከዚህም በላይ አየር በሌለበት ጭቃ ውስጥ ባክቴሪያዎች ዲዲቲን ወደዚያው ወደ ዲዲዲ ይለውጡታል፤ አየር ባለበት ደግሞ ይበልጥ ጽኑ የሆነውን ዲዲኢ ያደርጉታል። እንግዲህ በክሊር ሌክ ሰው በእጁ ያፈሰሰውን፣ በሌላ ሐይቅ ባክቴሪያ ራሱ ሊሠራው ይችላል። የዚህ ዕውቀት አብዛኛው ከመጽሐፉ በኋላ የመጣ ስለ ሆነ ደራሲዋን አንወቅስም፤ ዛሬም «ተሕዋስያን ሁሉን አፍርሰው ያጠራሉ» የሚለውን አስተያየት ግን አንቀበልም።

ነገሩ ለእኛ ሩቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1953 ወባ በደምቢያ ሜዳ 7,000 ያህል ሰው ፈጀ፤ በማግሥቱ ዓመት በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። ከዚያ ወዲህ፣ ትንኞች ስለ ተላመዱት በ2009 ገደማ እስኪቀር ድረስ፣ ዲዲቲ በአገራችን ወባማ ቀበሌዎች በቤት ግድግዳ ላይ ሲረጭ ኖረ። ብዙ ነፍስ አትርፏልና ውለታውን አንክድም። ነገር ግን ደምቢያ የጣና ዳርቻ ናት፤ መገጭም ከጎንደር ደጋ አፈር እየጠረገ ወደ ሐይቁ ይገባል።

ስለዚህ የጣናን ዓሣ ለሚበላው ሕዝብ ውኃውን ብቻ መርምሮ «ንጹሕ ነው» ማለት አይበቃም። ጭቃውና በውስጡ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ከዓሣው ጋር ይመርመሩ እንላለን።