«ማመሳሰል» ስለ ተባለው ስያሜ

በኮምፒዩተር ሙያ ሲንክሮናይዜሽን የሚባለው ጽንሰ ሐሳብ በአማርኛ ዘወትር «ማመሳሰል» እየተባለ ይተረጐማል፤ «ስምረት» ያሉትም አሉ። «ስምረት» መሳካትን እንጂ ሥራውን ስለማይናገር እንለፈው። «ማመሳሰል» አጭርና ለጆሮ የሚስማማ ነው። ነገር ግን አንድሩ ትሪጀልና ፖል ማኬራስ በ1988 ዓ.ም. ላወጡት፣ በጽሑፍ ትእዛዝ ለሚሠራው አርሲንክ ሲውል ያሳስታል፤ ስሕተቱም ሰነድ ያስጠፋል።

«አመሳሰለ» ከ«ተመሳሰለ» የወጣ የእርስ በርስ ግሥ ነው፤ ማን ማንን እንዲመስል እንደሚደረግ አይለይም። አርሲንክ ግን ባንድ አቅጣጫ ብቻ ይሠራል። የምንጩንና የመድረሻውን ፋይሎች በመጠንና በመጨረሻ በተለወጡበት ጊዜ ያነጻጽራል፤ በኔትዎርክ ሲሠራም ከፋይሉ የተለወጠውን ክፍል ብቻ ይልካል። «ዲሊት» የሚለው አማራጭ ከታከለበት፣ በምንጩ የሌለውን ከመድረሻው ይሰርዛል። በጎንደር የአንድ ደብር የዜማ ቅጂና የብራና ፎቶግራፍ በሁለት ኮምፒዩተሮች ተቀምጧል እንበል። ሠራተኛው ስያሜውን አምኖ፣ ሁለቱ የጐደላቸውን ይሟላሉ ብሎ፣ አማራጩን አክሎ ምንጩንና መድረሻውን ቢያፋልስ፣ ገና ያልተገለበጠው አዲስ ቅጂ ይጠፋል።

አቅጣጫን የሚያሳየው «አስመሰለ» ይሻል ይሆን? ቃሉ ለሐሰተኛ አድራጎት ተይዟልና አይሆንም።

የሚሻለውን ከጎንደር ሊቃውንት ልማድ እናገኛለን። በአታ ለማርያም የአቋቋም ምስክር ቤት ናት፤ ደቀ መዝሙሩ በዚያ ይመዘናል እንጂ ምስክር ቤቱ በደቀ መዝሙሩ አይታረምም። ብራና ጸሐፊም ግልባጩን ከዋናው ጋር ሲያመሳክር የሚፍቀው የግልባጩን ስሕተት ነው። «ማመሳከር» በቅርጹ እንደ «ማመሳሰል» የእርስ በርስ ቢሆንም፣ ከ«መሰከረ» የወጣ ስለ ሆነ ምስክር የሚሆነው አንዱ መሆኑን በልማድ ያሳስባል።

ስለዚህ የአርሲንክ ሥራ «አመሳክሮ መገልበጥ» እንዲባል፣ «ማመሳሰል»ም ለውጥ ከሁለቱም ወገን ለሚተላለፍበት አሠራር እንዲወሰን እናሳስባለን። «መገልበጥ» መድፋትንም ያሰማል የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል፤ ሆኖም «ግልባጭ» በየመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ግርጌ ሲጻፍ የኖረ ቃል ነውና አንባቢ አይስተውም። ስያሜው መርዘሙም አይካድም። ተርጓሚ በመመሪያው ምንጩን አስቀድሞ መድረሻውን ያስከትል፤ ትእዛዙ ራሱ የሚጻፈው በዚህ ቅደም ተከተል ነውና። ምንም ሳይነካ የሚሆነውን አስቀድሞ የሚያሳየውን አማራጭም «የሙከራ ዙር» ብሎ፣ ከ«ዲሊት» በፊት ቢያስተዋውቅ መልካም ነው።