ከመድረክ ወዲያ

ከጥቂት ወራት በፊት በአንድ የመጽሐፍ ምረቃ ላይ አስተያየት እንድሰጥ ተጋብዤ ነበር። ሰጠሁ። ልቦለዱን “ለሥነ ጽሑፋችን አዲስ ምዕራፍ” አልኩት። ታዳሚው አጨበጨበ፤ ደራሲው ከመቀመጫው ብድግ ብሎ እጅ ነሳኝ። ከአዳራሹ ወጥተን ከሁለት ወዳጆቼ ጋር ማኪያቶ እንዳዘዝን ግን ያንኑ መጽሐፍ አፈር ድሜ አስጋጥኩት። ሲስቁልኝ ጊዜ ጨመርኩበት። እውነቱን ለመናገር፣ ያነበብኩት እስከ እኩሌታው ድረስ ነበር።

በዚያው ሰሞን የማነበው የሩሲያዊውን የቪሳሪዮን ቤሊንስኪን ደብዳቤዎች ነበር። ቤሊንስኪ ጋዜጠኛና ሃያሲ ነው። በ1832 ከሞስኮ ዩኒቨርሲቲ ተባሮ (ዘመኑን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ያዙልኝ) ዕድሜውን በመጽሔት እንጀራ የገፋ፣ በ1848 ገና በ36 ዓመቱ በሳንባ ነቀርሳ የሞተ ሰው። እኛ አገር ስለ ፑሽኪን የዘር ሐረግ የሚወራውን ሩብ ያህል እንኳ ስለ እሱ አይወራም እንጂ፣ ፑሽኪንን በ11 ተከታታይ ጽሑፎች ለአገሩ አንባቢ የተነተነው ይኸው ሰው ነበር።

ነገሩ ወዲህ ነው። በ1847 መጀመሪያ ላይ ጎጎል ለወዳጆቹ የጻፋቸውን ደብዳቤዎች መራርጦ በመጽሐፍ አወጣ። “የሞቱ ነፍሳት”ን የጻፈው፣ ባለርስቱንና ሹሙን መሳቂያ ያደረገው ጎጎል፣ አሁን ሰባኪ ሆኖ ቁጭ አለ። ባለርስቱ ገባሩን እንዴት አድርጎ መግዛት እንዳለበት ይመክራል፤ ገበሬው ማንበብ ቢማር ምን ይረባዋል ይላል። ቤሊንስኪ “ሶቭሬሜኒክ” በተባለው መጽሔት ላይ ተቸው። ሳንሱር አለና እንደልቡ አልጻፈም። ጎጎል ግን በዚያችም ተቀየመ። ተቺው በግል ቂም ተነሳስቶ ነው ብሎ ከፍራንክፈርት ደብዳቤ ላከለት።

ደብዳቤው ሲደርሰው ቤሊንስኪ ለሕክምና ሳልዝብሩን በምትባል የፕሩሲያ ከተማ ነበር። የዛሩ ሳንሱር እዚያ አይደርስም። አብሮት የነበረው አኔንኮቭ እንደሚተርከው፣ ሦስት ጠዋት ፈጀበት። መጀመሪያ በእርሳስ ሞነጫጨረው፤ ከዚያ ገለበጠው። ሩሲያ ስብከትና ጸሎት ጠግባለች፤ የሚያስፈልጋት ሰው ክብሩን እንዲያውቅ ነው፤ ገባርነት ይቅር፣ ግርፋት ይቅር፣ ያለው ሕግ እንኳ በወጉ ይከበር አለ። መጽሔት ላይ ያልቻለውን ሁሉ ለአንድ ሰው ጻፈው።

ለአንድ ሰው የተጻፈው ደብዳቤ ግን ለአንድ ሰው አልቀረም። ቅጂው ከእጅ ወደ እጅ ሄደ። በ1849 ዶስቶየቭስኪ የሚባል ወጣት ደራሲ ፔትራሼቭስኪ ቤት በሚሰበሰቡ ሰዎች ፊት አነበበው። በተመሠረተበት ክስ ውስጥ ይህን ደብዳቤ ማንበቡና ማሰራጨቱ ዋና ጥፋት ሆኖ ተቆጠረበት፤ ሞትም ተፈረደበት። መረሸኛው አደባባይ ቆሞ ነው ቅጣቱ ወደ ሳይቤሪያ የግዞት ሥራ መለወጡ የተነገረው። አስቡት እንግዲህ፣ የሂስ ጽሑፍ በማንበብ! በ1855 ሄርዘን ለንደን ውስጥ አሳተመው። በማግስቱ ዓመት ደግሞ ኢቫን አክሳኮቭ የተባለው ጸሐፊ፣ በአስተሳሰብ ከቤሊንስኪ ጋር የማይገጥም ሰው፣ በየክፍለ ሀገሩ ደብዳቤውን በቃሉ የማያውቅ መምህር እንደሌለ ለቤተሰቡ ጻፈ። ቤሊንስኪ በእጁ የጻፈው ዋናው ደብዳቤ ዛሬ የለም። የቀረው ሰዎች እየሰጉ የገለበጡት ነው።

በወጣትነቴ ይህን ታሪክ ስሰማ ሙሉ በሙሉ የቤሊንስኪ ወገን ነበርኩ። አሁንም በዋናው ነገር ልክ ነው እላለሁ፤ ባሪያን ስለሚሸጥና ስለሚገርፍ ሥርዓት በለዘብታ መጻፍ ጨዋነት አይመስለኝም። ያንገራገርኩት የጎጎልን መልስ ሳነብ ነው። መልሱ ሁለት ነው። የላከው አጭር ነው፤ ስለ መጽሐፉ ወደ ሃምሳ የሚጠጉ ደብዳቤዎች እንደ ደረሱት፣ አንዱም ከሌላው እንደማይመሳሰል፣ ምናልባት በቤሊንስኪ ቃልም ውስጥ እውነት ሊኖር እንደሚችል፣ ሩሲያንም እንደማያውቃት ይናገራል። ያልላከው ረጅም ነው። ጽፎ፣ ቀዳዶ ተወው። ቁርጥራጩን ሌሎች ሰብስበው ገጣጠሙት፤ አንዳንዱ ጠፍቷልና እዚህም እዚያም ባዶ ቦታ አለው። እዚያ ላይ የምናገኘው ጎጎል ትሑት አይደለም። ዩኒቨርሲቲ እንኳ አልጨረስክም ይለዋል፤ በመጽሔት እውቀት እንዲህ ባለ ነገር ላይ አይፈረድም ይለዋል። የተናደደ፣ የተጎዳ ሰው ነው። ይኸኛው ጎጎል ለእኔ ከላከው ይልቅ ሕያው ነው፤ ግን ራሱ የቀደደውን ወረቀት ገጣጥሞ ማንበብ የሰው በር ላይ ጆሮ እንደ መለጠፍ ይሰማኛል። አነበብኩት ግን።

የቤሊንስኪም ፋይል እንደዚሁ አያሳርፍም። ያን የነጻነት ደብዳቤ በጻፈ በአምስት ወሩ ገደማ፣ ለዚያው ለአኔንኮቭ ስለ ዩክሬናዊው ባለቅኔ ስለ ሼቭቼንኮ ጻፈለት። ሼቭቼንኮ ራሱ ገባር ሆኖ የተወለደ ሰው ነው። በ1847 ዛሩ ወታደር አድርጎ ወደ ኦረንበርግ ሰደደው፤ እንዳይጽፍና እንዳይሥል ከለከለው። ለገባሩ የጮኸው ቤሊንስኪ ታዲያ ምን ቢል ጥሩ ነው? አላዝንለትም፤ እኔም ዳኛ ብሆን ከዚህ ያነሰ አልፈርድበትም ነበር። ያስቀጡትን ግጥሞች ደግሞ አላነበብኳቸውም ይላል፣ በዚያው ደብዳቤ።

እዚህ ላይ መጽሐፉን ዘጋሁት። ሃያሲ ነው እኮ! ያላነበበውን ግጥም!

አንዳንድ አሳታሚዎች እንዲህ ያለውን ደብዳቤ ቢዘሉት ደስ የሚላቸው አንባቢዎች አሉ፤ የታላቅ ሰው ስም አይጉደፍ ብለው። እኔ እንኳን አልዘለሉት እላለሁ። ሳልዝብሩን ላይ የተጻፈውን ብቻ ብናውቅ ኖሮ ቤሊንስኪን ሐውልት አድርገን አቁመነው፣ በጎኑ ስናልፍ ቀና ብለን እናየው ነበር። የሼቭቼንኮውን ስናነብ ግን ወርዶ አጠገባችን ማኪያቶ ያዝዛል።

ለዚያ ለምረቃው ደራሲ ደብዳቤ ጽፌለታለሁ። ሁለት ገጽ ሆነ። የጀመርኩት “መጽሐፍህን ጨርሼ አላነበብኩትም ነበር” ብዬ ነው። እስካሁን አልላክሁትም፤ 140 ገጽ ይቀረኛል።