ጥር 23 ኮሶበር ዋሉ!

እስካሁን የት ነበርኩ? ከደምበጫ ተነስቶ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በቲሊሊ አድርጎ ባሕር ዳር የሚገባውን መንገድ ከልጅነቴ ጀምሮ ስመላለስበት ኖሬያለሁ። እንጅባራ ስንደርስ መኪናው ይቆማል፤ ሻያችንን ፉት ብለን፣ ብርዱን አማርረን እንሄዳለን። እኛ ኮሶበር በምንላት በዚህችው ከተማ በዓመት አንድ ቀን ምን እንደሚደረግ እሰማለሁ እንጂ አይቼ አላውቅም ነበር። ዘንድሮ አየሁ። ከተመለስኩ ወዲህ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ ክንዱን ይዤ እያስቆምኩ ነው፤ ለእናንተም ልንገራችሁ።

ቀኑ ጥር 23 ነው፤ የጊዮርጊስ ዕለት፣ የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓል። ሌሊቱን ውርጭ ወርዶ ሣሩ ነጭ ሆኖ አድሯል፤ ሰው ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቧል። ቀድሞ የመጣው ድምፁ ነው። እግሬ ሥር መሬቱ ሲርገበገብ ተሰማኝና ዞር አልኩ። ከባንጃ፣ ከአንከሻ፣ ከጓጉሳ፣ ከፋግታ በኩል፣ በየመንገዱ፣ በየተረተሩ ፈረሰኛ ይጎርፋል! መቁጠር ጀምሬ ወዲያው ተውኩት። ዳማው፣ ጉራቻው፣ አምባላዩ፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ጣል ያለበት ቦራው፣ ሁሉም አንገቱን ቀስሮ ከአፍንጫው እንፋሎት እየለቀቀ ይመጣል። ሰባ ዓመት የሞላው ሽማግሌና ጢሙ ገና ያልበቀለ ጎረምሳ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ ወገባቸው እኩል ቀጥ ያለ ነው። ይህን ያህል ፈረስ በአንድ ሜዳ ላይ አይቼ አላውቅም፤ ዓይኔ የቱ ላይ እንደሚያርፍ ቸግሮት ዋለ።

ልብሳቸውን ደግሞ ብታዩት! የፈረሶቹን ማለቴ ነው። አዲስ አበባ በሄድኩ ጊዜ የሥዕል ዐውደ ርዕይ ገብቼ ተደንቄ አውቃለሁ፤ ግን ልቤ እንደዚህ ደረቴን ሲደልቀው አላስታውስም። አጠገቤ አንድ አዛውንት ፈረሳቸውን ያለብሳሉ። ከኮርቻው ሥር ቀይ ግላስ ተነጥፏል፤ ልጓሙ ላይ የተደረደረው ጌጥ ፈረሱ ራሱን በነቀነቀ ቁጥር የጠዋቷን ፀሐይ ይመልሳል፤ ግንባሩ ላይ ከቀይ፣ ከቢጫና ከአረንጓዴ ክር የተሠራ ዘርፍ ተንጠልጥሏል። ከዘርፉ አንዱ ክር ተቋጥሮባቸዋል። አዛውንቱ ቁጢጥ አሉና ቋጠሮውን በጥርሳቸው ይዘው ቀስ አድርገው መፍታት ጀመሩ፤ ፈረሱ አገጩን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርጎ ዝም ብሎ ይጠብቃቸዋል። ከፈቱት በኋላ ክሮቹን አንድ በአንድ በጣታቸው አበጠሩ። ሥራዬ ብዬ ቆሜ አየኋቸው።

«አባባ፣ ማን ሠራው?» አልኳቸው።

«የአባቴ ነው። እኔ ክሩን ብቻ ነው የማድሰው» አሉኝ። ቀጠል አድርገውም፣ «አንተ ከየት ነህ ልጄ?»

«ከደምበጫ።»

«እንግዲያ ጎረቤት ነሃ! እስከዛሬ የት ነበርክ?»

መልስ አልነበረኝም።

ማኅበሩ የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ነው፤ ሲጀመር 32 ሰዎች ነበሩ። ዓመተ ምሕረቱን ልብ በሉልኝ! ጣሊያን ገና አልወጣም። ከቡሬ ወደ ደብረ ማርቆስ ያፈገፍግ የነበረው የጣሊያን ጦር እዚሁ እኛ ደምበጫ አጠገብ ውጊያ የገጠመው በማግስቱ ዓመት፣ በ1933 የካቲት መጨረሻ ነው። ጠላት አገር ውስጥ እያለ የተሰባሰበ ማኅበር ነው እንግዲህ፤ የሚዘክረውም ዓድዋን ነው፤ ዓድዋ ላይ የዋሉትን ፈረሶች! ከሁሉም የበለጠብኝ ይኼ ነው። የጎጃም ሰው ከንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ጋር እስከ ዓድዋ ሲዘምት ያንን ሁሉ አገር በእግሩ ብቻ አላቋረጠውም። ፈረስ ተሸክሞታል፣ ስንቁን ጭኖለታል፣ ከጥይት ፊት አብሮት ቆሟል። የዓድዋው ድል የካቲት 23 በጊዮርጊስ ዕለት ሆነ፤ የፈረሶቹም መታሰቢያ በጊዮርጊስ ዕለት ሆነ፤ ጊዮርጊስ ራሱ በሥዕሉ ሁሉ ላይ ከነፈረሱ ነውና ከዚህ የተሻለ ቀን ከየት ይመጣል?

እኛኮ ነገሥታቱንና የጦር አለቆቹን በፈረሶቻቸው ስም ስንጠራ የኖርን ሰዎች ነን። አባ ታጠቅ፣ አባ ዳኘው፣ አባ ነጋ። ስሙን በልጅነታችን ሸመደድነው፤ ባለ ስሙ ፈረስ ግን ምን በላ፣ የት ወደቀ ብለን አልጠየቅንም። ኮሶበር ላይ ጠያቂ አገኘሁ። እነዚያ 32 ሰዎች ዛሬ ከ60 ሺህ በላይ አባላት ሆነዋል። በሠርግ አብረው ይጋልባሉ፣ በሐዘን አብረው ይቆማሉ፣ አባል ከአባል ቢቀያየም በሽማግሌ ያስታርቃሉ።

ጉግሱ ሲጀመር የሜዳው ሰው ሁሉ ብድግ አለ። ሁለት ወገን ሆነው ይቆማሉ። አንዱ ፈረሱን ኮርኩሮ ያመልጣል፣ ሌላው ይከተለዋል፤ ደረስኩብህ ሲል ዘንጉን ይወረውራል፤ የሚሸሸው ኮርቻው ላይ ዞሮ በጋሻው ይመክታል። ስጽፈው እንዴት ቀላል ሆነ! አንዱን ወጣት ዓይኔ ተከትሎታል፤ አባራሪው ዘንጉን ሲለቅ ልጁ ጋሻውን ለማንሳት ጊዜ አላገኘም። ድፍት ብሎ ጉንጩን ከፈረሱ ጋማ ጋር አጣበቀ፤ ዘንጉ ከጀርባው በላይ በአንድ ስንዝር አለፈ። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። እኔም ሳላውቀው አጠገቤ የቆመውን የማላውቀውን ሰው አንገቱን አቅፌዋለሁ፤ እሱም አቅፎኛል! ከዚያ ግልቢያው መጣ፣ ከዚያ ስግሪያው። ስግሪያን እንደ ቀላል አትዩት። ፈረሱ ይበርራል፣ የተቀመጠበት ሰው ግን ውኃ የሞላ ብርጭቆ ቢይዝ ጠብታ የሚፈስሰው አይመስልም። እንዲህ አድርጎ ፈረስ መግራት ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ ፈረስ ያሳደገ ያውቀዋል።

እኔ ግን የፈረስ በዓል ለማየት ስመኝ የኖርኩት በሩቅ አገር ነበር። በጃፓን ፉኩሺማ ውስጥ ሚናሚሶማ የምትባል ከተማ አለች። ሶማ ኖማኦይ የተባለ የፈረስ በዓል አላት፤ ከሺህ ዓመት በላይ እንደቆየ ይነገርለታል። የዛሬ ሰዎች የሳሙራይ አያቶቻቸውን ጥሩር ለብሰው፣ ጀርባቸው ላይ ሰንደቅ ተክለው ይጋልባሉ፤ በርችት ወደ ሰማይ የተተኮሰ ባንዲራ ሲወርድ ለመቅለብ በፈረስ ይጋፋሉ። በ2003 ዓ.ም. የባሕሩ ማዕበልና የኒውክሌር አደጋው ያንን አካባቢ ሲያወድሙት እንኳ በዓሉን አሳንሰው አከበሩት እንጂ አላስታጎሉትም። ይህን ካነበብኩ ቆይቻለሁ፤ አንድ ቀን ሄጄ ባየሁት እያልኩም ተመኝቻለሁ። እኔ በሐሳቤ ፉኩሺማ ስደርስ ኮሶበር መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ሆና ፈረሷን ትጭን ነበር!

ሌላም ነገር አለ፤ ይህን ሳልነግራችሁ ብቀር ይቆጨኛል። ኮሶበር ባለችበት በአዊ ገበሬው በፈረስ ያርሳል። እኛ ዘንድ በሬው የሚጠመድበት ቀንበር እዚያ የፈረስም ነው። ያ በቀይ ግላስ አጊጦ፣ ዘርፍ ለብሶ፣ ሕዝብ እልል ያለለት ፈረስ ሌላውን ቀን ጭቃ ውስጥ ነው የሚውለው፤ ያርሳል፣ ገብስና ድንች ይጭናል፣ የታመመ ሰው ያደርሳል። እንግዳ ማሳያ ብለው ያስቀመጡት ፈረስ የላቸውም። ዓመቱን ሙሉ ያገለገላቸውን አጥበው፣ አበጥረው፣ ያላቸውን ጌጥ ሁሉ አልብሰው በአደባባይ «ይኸው» ይሉለታል። ይህ ሲገባኝ የጠዋቱ ቋጠሮና የአዛውንቱ ጥርስ ትዝ አለኝ፤ ዓይኔ እንባ አቀረረ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ፈልጌ አገኘኋቸው። ጌጡን እያወለቁ ነበር። ዘርፉን አራግፈው በነጭ ነጠላ ጠቀለሉት፣ ግላሱን አጠፉት፣ ልጓሙን በእጃቸው መዳፍ ወለወሉት። ፈረሱ ጀርባው ሲቀልለት ከአንገቱ እስከ ጭራው ተርገፈገፈና ሣሩን መንጨት ጀመረ።

«ለከርሞ ሰው ይዘህ ና» አሉኝ።

እስካሁን ዘጠኝ ሆነናል። ሚኒባሱ አሥራ ሁለት ይይዛል።