ማንሳት ቃል መግባት ነው

ስልኩ ይጠራል፤ ሞደሙ ግን አያነሳም። ደወል መኖሩን ለኮምፒዩተሩ ነግሮ ትእዛዝ ይጠብቃል። ጌርት ዶሪንግ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ለዩኒክስና ለሊኑክስ የጻፈው ኤምጌቲ የተባለው ፋክስ የሚቀበል ፕሮግራም ጥበቡ የሚጀምረው ከዚህ ዝምታ ነው።

ሞደም በስንተኛው ደወል በራሱ እንደሚያነሳ የሚወስን ኤስ ዜሮ የሚባል ማስቀመጫ አለው። ኤምጌቲ ይህን ዜሮ ያደርገዋል፤ በራስህ አታንሳ ማለቱ ነው። ሞደሙ በራሱ የሚያነሳ ቢሆን ኮምፒዩተሩ ደርቆ በቆመበት ሰዓትም መስመሩ ይከፈታል። ላኪው «ተነሳልኝ» ሲል ወረቀቱን የሚቀበል የለም። በትእዛዝ ብቻ ሲነሳ ግን በችግር ጊዜ ስልኩ ይጠራና ይቀራል፤ ላኪውም ቆይቶ ይሞክራል። ዲስኩ ሞልቶ ከሆነ ባለሙያው ኖሎጊን የሚባል ፋይል ለዚያ መስመር ያስቀምጣል፤ ፋይሉ እስካለ ድረስ ኤምጌቲ ጥሪ አይቀበልም። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ የሚለውን አባባል ያወቀ ሰው የሠራው ይመስላል።

ሁለተኛው ጥንቃቄ እንግዳውን መለየት ነው። እንደተለመደው ቢተው ሞደሙ የመጣው ፋክስ ይሁን ዳታ ካነሳ በኋላ ለማወቅ ይሞክራል፤ በዳታ የደወለም የኮምፒዩተሩን መግቢያ ያገኛል። «ፋክስ ብቻ» የሚለው ምርጫ ሲበራ ይህ በር ይዘጋል። ኤፍክላስ በሚባለው ትእዛዝ ሞደሙ ገና ሳያነሳ የፋክስ ሥራውን ይይዛል። ክፍል 1 በሚባለው የፋክስ ሞደም አሠራር የእያንዳንዱን ድምፅ ጊዜ የሚጠብቀው ኮምፒዩተሩ ነው፤ በክፍል 2 አብዛኛውን ሸክም ሞደሙ ይወስዳል። በክፍል 2 ኤፍሲአር የምትባል ትንሽ ቅንብርም 1 መሆን አለባት፤ «መቀበል እችላለሁ» የምትለው እሷ ናት። እሷ ከተረሳች የቀረው ሁሉ ከንቱ ነው።

ከዚያ ጆሮ የሚያውቀው ጨዋታ ይመጣል። ደዋዩ በ1100 ሄርትዝ ለግማሽ ሰከንድ ይጮኽና 3 ሰከንድ ዝም ይላል፤ እንደገናም ይጮኻል። ተቀባዩ ካነሳ በኋላ ሁለት ሰከንድ ያህል ዝም ብሎ በ2100 ሄርትዝ ይመልሳል። ይህ ድምፅ ሰላምታ ብቻ አይደለም፤ በረጅም ርቀት መስመር ላይ የገደል ማሚቶ የሚያፍኑትን መሣሪያዎችም ያጠፋል። ቀጥሎ በሰከንድ 300 ቢት፣ ሳይቸኩል፣ የሚችለውን ፍጥነትና የገጽ ስፋት ይዘረዝራል። በስህተት የደወለ ሰው ከሆነ መልስ ስለማይመጣ 35 ሰከንድ ያህል ጠብቆ ይዘጋል፤ መስመሩ ለቀጣዩ ነጻ ይሆናል።

ፋክስ ከሆነ ገጹ ይፈስሳል። ሲያልቅ ተቀባዩ አንዲት አጭር ምልክት ይመልሳል፤ ትርጉሟ «ደርሶኛል» ነው። ያ ሁሉ ጥንቃቄ፣ አለማንሳቱም ጭምር፣ ይህች ቃል እውነት እንድትሆን ነበር።