የሞተር ቁልፍ ጥገና የሚመሰከረው ሲጠፋ ነው

ቁልፉ ይዞራል፣ ሞተሩ ይነሳል፣ «እጅህ ይባረክ» ተብሎ ሂሳብ ይከፈላል። ብዙ ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው። ማስነሳትማ ሁለት ሽቦ ገፎ ማጠማዘዝ የሚችል ሁሉ ያስነሳል፤ «ቀጥታ አድርጌልሃለሁ» የሚሉት እሱን ነው። የቁልፍ ግማሽ ሥራው ማጥፋት ነው። ስለዚህ የተጠገነውን ስታዩ ከ«ኦፍ» ጀምሩ፦ ኤሌክትሪኩ ይቋረጥ፣ ቁልፉ ያለ ትግል ይውጣ፣ መሪው ይቆለፍ። በርቶ ሳለ ቁልፉ ተስቦ የሚወጣ ከሆነ ውስጥ ያሉት ቀጫጭን ናሶች ተበልተዋልና ሽቦው የቱንም ያህል ቢጸዳ ቁልፉ ከነቤቱ መለወጥ አለበት።

አሮጌዎቹን ያማሃ ዲቲዎች የሚነዳ ሰው አንድ ነገር ይወቅ። በማግኔቶ የሚሠራ ሞተር የሚጠፋው ቁልፉ የማቀጣጠያውን ሽቦ ከቦዲ ጋር ሲያገናኘው ነው። ስለዚህ የቁልፉ ሶኬት ቢነቀል ሞተሩ መነሳቱን አይተውም፤ እንዲያውም አልጠፋም ይላል። ከባትሪ እሳት የሚወስደው ሞተር ግን ሶኬቱ ከተነቀለ ዝም ነው። ይህን ሳይለይ ሽቦ የሚቆርጥ ሰው ሞተራችሁን አይንካ።

ሚዛን ተፈሪ ላይ ቁልፍ ቶሎ ያረጃል። አካባቢው በዓመት ወደ 2,000 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ የሚጥልበት ነው። ወደ በበቃም ሆነ ወደ ቴፒ የሚመላለስ ሞተር ዝናቡን በቁልፉ ቀዳዳ ይጠጣል፣ በጋ ሲገባ ደግሞ ቀይ አቧራውን ይቅማል። ሁለቱ ተቦክተው ውስጥ ይደርቃሉ።

በቤቱ የሚጠግን ሰው አስቀድሞ የባትሪውን ኔጋቲቭ ይፍታ። ከቁልፉ ቤት ሥር ያለው ፕላስቲክ ሲከፈት አንዲት ትንሽ ሞላ አለች። ዘላ ሣር ውስጥ ከገባች የቀኑ ሥራ አበቃ፤ ከሥር ጨርቅ ማንጠፍ ብልህነት ነው። ሞላዋ የምትጫነው መገናኛ ከናስ የተሠራ ሲሆን ዳኝነቱ ያለው እሱ ፊት ላይ ነው። ያረጀው ጠቁሯል፣ መሐሉም በእሳት ተበልቶ ትንሽ ጉድጓድ አውጥቷል። ችኩል ሰው ሞረድ ያነሳል። በሞረድ የተፋቀ ናስ ለጊዜው ያብረቀርቃል፤ ነገር ግን የሻከረ ፊት የሚነካካው በጥቂት ነጥብ ብቻ ስለሆነ እዚያው ግሎ በወሩ መልሶ ይጠቁራል። ለጥቁረቱ የተማሪ ላጲስ ይበቃል፤ ካልለቀቀ በጣም ልስልስ ብርጭቆ ወረቀት። ሲጸዳ ፊቱ ወርቃማ ሆኖ ጭረት የማይታይበት መሆን አለበት። ግራሶውም ስስ ይሁን፤ እንደ ቅቤ የተለደፈ ግራሶ አቧራ ከመጥራት ሌላ ጥቅም የለውም።

ፕላስቲኩ ራሱ ቀልጦ ከሆነ ማጽዳት ጊዜ ማባከን ነው። ደግ ሠራተኛ እዚህ ላይ ይጠይቃል፦ «ተጨማሪ መብራት አስገጥመሃል ወይ?» ፓውዛ ያለ ሪሌ በቁልፉ በኩል ከተቀጠለ የሚያቀልጠው እሱ ነው። ይህን ሳይጠይቅ አዲስ ቁልፍ የሚሸጥላችሁ ሰው ሁለተኛም ሊሸጥላችሁ ነው።

ሽቦ ተበየደ ከተባለ ናስትሮው ሳይጠቀለል እዩት። እርሳሱ ሽቦው ውስጥ ገብቶ መስፋት አለበት፤ ላዩ ላይ እንደ ጠብታ ከቆመ ቀዝቃዛ ብየዳ ነው። መሪው ሲዞር የሚተጣጠፈው ቦታም ከብየዳው ይራቅ።

ዓይን የማያየውን ቴስተር ያያል። ባትሪው ተመልሶ ሲታሰር ቴስተሩን ቮልት ላይ አድርጉና አንዱን ጫፍ ወደ ቁልፉ በሚገባው ሽቦ፣ ሌላውን በሚወጣው ላይ አሳርፉ። ቁልፉን ከፍታችሁ ፍሬቻውንና የፍሬን መብራቱን አብሩ። በመካከላቸው የሚነበበው ከ0.2 ቮልት ካልበለጠ መገናኛው ጤነኛ ነው። ግማሽ ቮልትና ከዚያ በላይ ካለ ኃይሉ እዚያው ሙቀት እየሆነ ነው። ከዚያ ብልጭ ድርግም የሚለውን ፍሬቻ አጥፉና ይህንኑ እያነበባችሁ መሪውን ከግራ ጫፍ እስከ ቀኝ ጫፍ አዙሩት፤ ቁጥሩ ከዘለለ ወይ ሽቦው ልባሱ ውስጥ ተቆርጧል፣ ወይ ብየዳው አልያዘም።

የተስተካከለውን ለማቆየት ደግሞ ሞተር አጣቢው ውኃ በግፊት ቁልፉ ላይ እንዳይለቅ ንገሩት። የመጋዘኑን፣ የሳጥኑንና የቤቱን ቁልፍም ከሞተሩ ቁልፍ ጋር አታንጠልጥሉ፤ ያ ሁሉ ክብደት በኮረኮንች ላይ ሲወዛወዝ የሚበላው የቁልፉን ቤት ነው።