ቀድማ የምታንኳኳው ጎረቤቴ

ድሬ ዳዋ መስከረም 1 ቀን ሲጠባ ከከዚራ እስከ መጋላ “እንኳን አደረሰህ!” ነው። ሙስሊሟ ጎረቤቴ ቡናችን ሳይፈላ በሬን ታንኳኳለች። “አቦ፣ ከዓመት ዓመት ያድርሳችሁ!”

ጉዱ የኔ ነው። የሷ አዲስ ዓመት፣ ሙሐረም 1፣ መቼ እንደሚውል ጠይቄያት አላውቅም። በጨረቃ ስለሚቆጠር በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ይቀድማል፤ መሥሪያ ቤትም አይዘጋበትም። ማመካኛዬ ይኸው ነው።

ዘመኑ ግን የሚቆጠረው ነቢዩ መሐመድ በ622 እ.ኤ.አ. ከመካ ወደ መዲና ከተሰደዱበት ዓመት ነው። ከዚያ በፊት የተሰደዱ ተከታዮቻቸውን ያስጠጋችው ደግሞ ሐበሻ ናት። ይህን ታሪክ በኩራት እናወራለን። የጎረቤታችንን ቀን ግን አናውቅም! መቻቻል የምንለው ሰው እንዲመጣልን እንጂ እኛም እንድንሄድለት አይመስልም።

የሚመጣው ሙሐረም 1 የማንኳኳት እኔ ነኝ።