ከሦስቱ ሰረዞች በላይና በታች

የሊኑክስን ከርነል የሚያሻሽል ሰው ሥራውን ዛሬም የሚልከው በኢሜይል ነው። አባሪ ፋይል የለ፣ ቀለም የለ፣ ያጌጠ ፊደል የለ፤ ኮዱ ራሱ መልእክቱ ላይ ይዘረጋል፤ ገምጋሚውም ያልጣመውን መስመር ነጥሎ እዚያው ሥሩ ይጽፍበታል። ለማያውቀው ደረቅ ነገር ይመስላል። ለሚያውቀው ግን ባለሙያውን ከጀማሪው ለመለየት ኮዱ ድረስ መውረድ እንኳ አያሻም።

እስቲ አንዱን ማስተካከያ፣ በሙያው አጠራር ፓች፣ ጠጋ ብለን እንየው። አንድ ድራይቨር ሥራ ሲጀምር ሜሞሪ ይወስዳል፤ መሃል ላይ ካልተሳካለት ግን ሳይመልስ ይወጣል። ማስተካከያው ሁለት መስመር ነው፦ በመቀነስ ምልክት የወጣ አንድ፣ በመደመር ምልክት የገባ አንድ። ቦታቸው እንዳይጠፋ ከላይና ከታች ሦስት ሦስት ያልተነኩ መስመሮች ያጅቧቸዋል። ለእነዚህ ሁለት መስመሮች ጸሐፊው ሙሉ አንቀጽ ይጽፋል፦ ምን ተበላሸ፣ ተጠቃሚውን ምን ይጎዳዋል፣ ለምን በዚህ መንገድ ተፈታ። ስህተቱን ያመጣውን የድሮ ለውጥም በመለያው የመጀመሪያ 12 ፊደላትና በርዕሱ ይጠቅሳል። የቆዩ ቅጂዎችን የሚንከባከቡ ሰዎች ማስተካከያው እነሱንም ይመለከት እንደሆነ የሚያውቁት በዚያች መስመር ነው። ቀጥሎ ፊርማው ይመጣል፤ የኮዱ ምንጭ ፍርድ ቤት ድረስ ካጨቃጨቀ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2004 የገባ ልማድ ነው። ፓቹን ተቀብሎ የሚያሳልፍም ሁሉ ስሙን ከሥር ይጨምራል።

ከዚያ ሦስት ሰረዝ። ከሰረዞቹ በላይ ያለው በፕሮጀክቱ ታሪክ ውስጥ ይቀራል። ከሥራቸው፣ ኮዱ ከመጀመሩ በፊት፣ «በሁለተኛው ዙር ይህን ቀየርኩ» ዓይነት ወሬ ይገባል፤ ታሪኩን የሚመዘግበው ፕሮግራም ጊት ፓቹን ሲያስገባ ይጥለዋል። የትኛው ቃል ለዛሬው ገምጋሚ፣ የትኛውስ ከዓመታት በኋላ ለሚመጣ እንግዳ እንደሆነ ለይቶ ማስቀመጥ ቀላል ሙያ አይደለም።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚማርከኝ ግን ትልቅ ለውጥ ተከፋፍሎ ሲላክ ነው። ሠሪው በመጀመሪያ የሠራበት ቅደም ተከተል ምስቅልቅል ነበር፤ ማን አይቶት! ለአንባቢ ሲልከው ግን መጀመሪያ ጽዳቱን፣ ቀጥሎ የስም ለውጡን፣ ከዚያ ኮድ ማዛወሩን ያስቀድማል። እያንዳንዱ ፓች ሲገባ ከርነሉ ኮምፓይል ማድረግና መሥራት አለበት፤ ነገ አንድ ሰው ታሪኩን ለሁለት እየከፈለ ስህተት ሲፈልግ መሃል ላይ እንዳይደናቀፍ። ዋናው ለውጥ መጨረሻ ላይ ይመጣል፤ መንገዱ ሁሉ ተጠርጎ ስለጠበቀው ብዙ ጊዜ ከሁሉም ትንሹ እሱ ነው። ለእኔ ከዚህ የሚበልጥ ውበት የለም።

ኢሜይሉ ራሱ ጣጣ እንዳለው አልክድም። አንዳንዱ የኢሜይል ፕሮግራም ረጅም መስመር ይቆርጣል፣ ታቡን ወደ ባዶ ቦታ ይለውጣል፤ ያን ጊዜ ፓቹ አልገባም ይላል፤ ስንት ጀማሪ እዚህ ላይ ተስፋ ቆርጦ ይሆን! ጠንቃቃው ግን መጀመሪያ ለራሱ ይልካል፤ የደረሰውን መልእክት አውርዶ ንጹሕ ኮድ ላይ ይሞክረዋል፤ ከገባለት ለክፍሉ ኃላፊዎች ይሰድደዋል።